ሁሉም ሰው ድራጎን ሲሆን

ጓደኞቼን ሰብስቤ ያስጀመርኩት ጨዋታ ጓደኝነታችንን ለመበተን ትንሽ ነበር የቀረው። መሀል ላይ ሦስት ወር ሙሉ ተቋርጧል። ሁለቱ ጓደኞቼ ደሴ ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰዋል። ኋላ ግን ተመልሰን ተቀመጥን። ታሪኩንም ከሁለት ዓመት በላይ ተጫውተን በወጉ ቋጨነው። ይህን የምጽፈው ተጫዋቾች ሁሉ ድራጎን የሚሆኑበትን ታሪክ ለመምራት ለምታስቡ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አትተዉት። እኛ የከፈልነውን ዋጋ ግን እናንተ ባትከፍሉት ደስ ይለኛል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በጋራ የሚፈጠር ተረት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ዲኤም እንለዋለን። አገሩን፣ አየሩን፣ መንገደኛውንና ጠላቱን የሚናገረው እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ዲኤሙ «ምን ታደርጋለህ?» ይላል፤ ተጫዋቹ ይመልሳል። ይሳካ አይሳካ ካልታወቀ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅና ዝነኛው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። እዚያ ተጫዋቾቹ ጦረኛ ወይም አስማተኛ ይሆናሉ፤ ድራጎን ደግሞ ዋሻው ውስጥ የሚጠብቃቸው፣ ክንፍ ያለው፣ እንደ ቀለሙ እሳት ወይም ብርድ የሚተነፍስ አስፈሪ ጠላት ነው። እኛ ነገሩን አዞርነው። ድራጎኖቹ እኛ ሆንን።

የጀመርነው በ2015 ከጥምቀት በኋላ ነው። አምስት ነን፤ እኔ እመራለሁ፣ አራቱ ይጫወታሉ። የምንቀመጠው እሑድ ከሰዓት ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነው። የሰዎቹን ስም ልተወውና በድራጎን ስማቸው ልጥራቸው፤ ከጨዋታው ውጭም የምንጠራራው በዚያ ሆኖ ቀርቷል። ነርሷ ውርጭ ናት፤ ነጭ ድራጎን፣ ትንፋሿ ብርድ። ባጃጅ የሚነዳው ፍም ነው፤ ቀይ፣ እሳት የሚተፋ። የፊዚክስ መምህሩ ሰማያዊው መብረቅ ነው። አራተኛው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በየሳምንቱ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣል። እሱ ውሃ ውስጥም መተንፈስ የሚችለውን ጥቁር ድራጎን መረጠና ስሙን ቦርከና አለው። ከእኛ ወደ እነሱ የሚወርደው ወንዝ ነዋ።

የመጀመሪያውን እንቅፋት አልጠበቅኩትም። ቃሉ ራሱ ነበር። መጀመሪያ ሳስረዳ «ዘንዶ ትሆናላችሁ» አልኩ። በእኛ ቋንቋ ዘንዶ ሲባል ቀድሞ የሚታየው ትልቅ እባብ ነው። ክንፍ የለውም፣ እግር የለውም፣ አያወራም። ቦርከና የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በሆዱ ሲሳብ ዋለ። በዚያ ላይ ዘንዶ በእኛ ዘንድ ክፉ ነው። በአፈ ታሪካችን አገር ያስጨነቀው አርዌ እባብ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ በጦር የሚወጋው ዘንዶን ነው። በበጎ የሚነሳው አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አናት ላይ ያወጣው ነው፤ ከእሱ ሌላ ብዙም ትዝ አይለኝም።

አንድ እሑድ እናቴ ቡና እያቀራረበች «እኔ ዘንዶ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። «ልጄ፣ ጊዮርጊስ የገደለውን ነው እንዴ የምትሆኑት?» አለችኝ። «ጨዋታ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቷ አልተፈታም። ኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደ ተረት ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ተረት ነው በለኛ ታዲያ» አለች። በቦርከና በኩል ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ዳይስ የሚለውን ሰምቶ «ቁማር ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቦርከና ገንዘብ የሌለበት መሆኑን አስረዳው፤ እኛም ዳይሱን ተውነው። ባለ 20 ፊቱን ደሴ ውስጥ ፈልጌ ስላላገኘሁት መተዉ አልከበደንም። 20 ቆርኪ ሰብስበን ከ1 እስከ 20 ጻፍንበትና ከረጢት ውስጥ ከተትነው። አውጥቶ፣ አይቶ፣ መመለስ ነው። መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቤተሰብ አስረዱ። በሩን ከፍታችሁ ተጫወቱ። ቃሉንም አስቡበት፤ እኛ ከዚያ ወዲህ «ድራጎን» ብቻ ነው የምንለው።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥር ጣጣ ነው። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለወጣ በነጻ ይገኛል። አሥሩም ዓይነት ድራጎን ከነቁጥሩ አለበት። ስልኬ ላይ አወረድኩና የድራጎን ጫጩቶቹን ቁጥር እንዳለ ገልብጬ አደልኳቸው። እነዚያ ቁጥሮች ግን የተሠሩት ለጠላት ነው። አንዱ ከሌላው እንዲመጣጠን ታስቦ አይደለም። ባወረድኩት ሕግ ቀዩ ጫጩት 75 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ሲመታ ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ይወድቃል። ሰማያዊው 52፣ ጥቁሩ 33፣ ነጩ 32። የናሱ ድራጎን እንዲያውም 16 ብቻ ነው። በመጀመሪያው ውጊያ ውርጭ ሁለተኛ ተራዋ ሳይደርስ ወደቀች፤ ፍም ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። እሷ አንድ ሰዓት ያህል ሌሎቹን ስታይ ቆየች። ሳምንቱን ሙሉ ተረኛ ሆና የሠራች ሰው እሑዷን ለዚህ አትሰጥም።

ለሁሉም አንድ ዓይነት አካል ስጧቸው። እኛ ሁሉንም 45 ነጥብ፣ አንድ ዓይነት ጥፍርና አንድ ዓይነት ክንፍ አደረግናቸው። ቀለሙ የሚለውጠው ትንፋሹንና አንድ ልዩ ችሎታውን ብቻ ነው። ስትጀምሩም ከጫጩት ጀምሩ። ጫጩት ድራጎን መጠኑ ሰው ያህል ነው። በር ይገባል፣ ይራባል፣ ይፈራል። ገና ከጅምሩ ግዙፍ ካደረጋችኋቸው የሚያስጨንቃቸው ነገር ታጣላችሁ።

መብረር ሌላ ፈተና ነው። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ተቀምጬ፣ አዝዋ ገደልን እያሰብኩ፣ አንድ ገደል አዘጋጀሁ። ጠባብ መንገድ፣ የሚናድ ድንጋይ፣ ድልድይ የሚጠብቅ ሽፍታ። መብረቅ «እንበራለን» አለ። አለቀ። በሕጉ ሰው በአንድ ተራ 30 ጫማ ሲራመድ ድራጎን ጫጩት 60 ጫማ ይበራል። ወንዙም፣ ግንቡም፣ ጠባቂውም ዋጋ አጡ። እኔ ተናደድኩና በሚቀጥለው ሳምንት ሰማዩን በቀስተኛ ሞላሁት። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ድራጎን ሁኑ ብዬ ጋብዤ ክንፋቸውን መቁረጤ ነው። ሁሉም አኮረፉ፤ ልክ ነበሩ። መልሱን ያገኘሁት ብዙ ቆይቶ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። አምስተኛው እሑድ ነበር። ከተራራው ግርጌ አንዲት የገበያ ከተማ አለች። ለድራጎኖቹ ግብር አልሰጥም አለች። ፍም «አቃጥላታለሁ» አለ። መብረቅና ቦርከና ተከተሉት። በእነሱ አልፈርድም፤ እሳት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እኔም ጥሩ ተራኪ ለመሆን ጓጓሁ። ጣሪያው ሲነድ፣ ሰው ጓዙን ተሸክሞ በሌሊት ሲወጣ፣ እናት አንዱን ልጇን አዝላ ሌላውን በእጇ እየጎተተች ስትሮጥ፣ አንድ በአንድ ተረኩላቸው። ሦስቱ ይስቃሉ። ውርጭ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ለዛሬ ይበቃኛል» ብላ ተነሳችና ሄደች።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ውርጭ ከከተማ የወጣችው እናቷን ይዛ በእግሯ ነው። አውቅ ነበር። ሁላችንም የየራሳችንን አሳልፈናል። በጨዋታው ሙቀት ግን አላሰብኩትም። በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «የጠላሁት ታሪኩን አይደለም» አለችኝ። «ሲሳቅበት ነው።»

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ። ድራጎን ከተማ ማቃጠል የሚችል ፍጡር ነው። ሁሉም ድራጎን በሆነበት ጨዋታ ያ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደማይነካ፣ ምን ደግሞ ሳይተረክ እንደሚታለፍ ተነጋገሩ። የዚህ ጨዋታ ሰዎች የሚጠቀሙበት ኤክስ ካርድ የሚባል ዘዴ አለ። ኤክስ የተጻፈበት ካርድ መሀል ላይ ይቀመጣል፤ ያልተመቸው ሰው ይነካዋል፤ ለምን ሳይባል ነገሩ ይታለፋል። እኛ በሲኒ አደረግነው። አንድ ባዶ ሲኒ መሀል ላይ ይቀመጣል። የደፋው ሰው ምክንያት አይጠየቅም። እስከ መጨረሻው አራት ጊዜ ተደፍቷል። አንዴ የደፋሁት እኔ ነኝ።

ውርጭ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሰች። በዚያው ቀን ግን ሌላ እሳት ተነሳ። ድራጎን ሀብት ያከማቻል፣ ወርቅ ላይ ይተኛል ይባላል። ይህን እንዳለ ወስጄ ለእያንዳንዱ የየራሱን ዋሻና ድልቡን የሚመዘግብበት ደብተር ሰጥቼው ነበር። አራት ሰው በአራት አቅጣጫ በረረ። ከአንዱ ጋር 40 ደቂቃ አወራለሁ፤ ሦስቱ ስልካቸውን ይነካካሉ። በዚህ መሀል መብረቅ ተኝቶ ሳለ ፍም ዋሻው ገብቶ አንድ የወርቅ ዋንጫ ሰረቀ። በጨዋታው ሕግ ይቻላል። መብረቅ ሲደርስበት «ሌባ!» አለው። ድምፁ የድራጎኑ አልነበረም። ለካ ፍም ለባጃጁ ጥገና ከመብረቅ የተበደረው ብር አለ። ቀኑ አልፏል። ሁለቱም ተፋፍረው አንድም ቀን አላነሱትም። ያን ቀን ዋንጫው አነሳላቸው። ፍም የቆርኪውን ከረጢት ገፍትሮ ወጣ። ሦስት ወር አልተገናኘንም።

ያስታረቀን ቦርከና ነው። በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣል። በሥራ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ከኮምቦልቻ መጣ። ሁለቱን ለየብቻ ካነጋገረ በኋላ እናቴ ቤት አምጥቶ አስቀመጣቸው። ወሎ ደም የተቃባ ሰው እንኳ በአበጋር፣ በአስታራቂ ሽማግሌ፣ የሚታረቅበት አገር ነው፤ እሱም ያደገበትን ነው ያደረገው። ስለ ዋንጫው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ብድሩ ብቻ አስወራቸው። እናቴ በረካውን ሳትቀዳ ነገሩ አለቀ። ፍም ብሩን በሦስት ጊዜ ሊከፍል ተስማሙ። የጨዋታ ጠብ ሲገጥማችሁ ሥሩ ጨዋታው ውስጥ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ካልሆነ ሕግ በማሻሻል አትደክሙ።

ቦርከናን እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። መንገድ ላይ «አንተም ብትሆን ድርሻ አለህ» አለኝ። «ስትፈጥረን አንዳችን ከሌላችን ምንም የማንፈልግ አድርገህ ነው። ክንፍ አለን፣ እሳት አለን፣ ወርቅ አለን። አብረን የምንሆነው ለምንድን ነው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሌላው ጨዋታ ጦረኛው ሲቆስል የሚያክመው ይፈልጋል። አስማተኛው ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚመክትለት ይፈልጋል። አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ስለሚሞላ ሳይፈልጉም ይያያዛሉ። ድራጎን ግን ብቻውን ሙሉ ነው። እስከዚያ ድረስ ኃይላቸው ስለበዛ ተቸገርኩ ብዬ ነበር የማምነው። ለካ የቸገረኝ አለመፈላለጋቸው ነው።

በማግስቱ እንቁላሉን ጻፍኩ። አራቱም ከአንድ ጎጆ የተፈለፈሉ ወንድማማቾችና እኅት ሆኑ። እናታቸው የለችም። አምስተኛው እንቁላል ገና አልተፈለፈለም፤ ግን ሕያው ነው። ጆሮ ሲደገንበት ልቡ ይሰማል። እንዳይሞት በየሌሊቱ መሞቅ አለበት፤ ያንን የሚችለው ፍም ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ውርጭ ታበርደዋለች። እንዳይደርቅ ቦርከና ከሐይቅ ሥር እርጥብ ጭቃ ያመጣለታል። ልቡ ሲደክም መብረቅ በስሱ ይነካዋል። ልብ በኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚነቃ ውርጭ ከሥራዋ ታውቀዋለች። እሷ ስታስረዳ መብረቅ መምህርነቱን ትቶ ተማሪዋ ሆነ። ለማጥፋት የሰጠኋቸው ትንፋሽ ሕይወት ማቆያ ሆነ።

ሕጉንም በዚያው አስተካከልኩ። በሕጉ መጽሐፍ ድራጎን አንዴ ከተነፈሰ በኋላ በየተራው ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጣላል፤ 5 ወይም 6 ከወጣ ትንፋሹ ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉም ውጊያውን በትንፋሽ ይከፍታል፤ አራት ትንፋሽ ባንዴ ሲወርድ ደግሞ ውጊያው በመጀመሪያው ዙር ያልቃል። እኛ በቀን ሁለት ትንፋሽ ብቻ አደረግነው። አንዱ የእንቁላሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍም እሳት ከመትፋቱ በፊት ወደ ሌሎቹ ዞሮ «ልትፋው?» ማለት ጀመረ። ያ ጥያቄ ብቻውን ቁጭ ብለው እንዲመካከሩ አደረጋቸው።

ሰኔ ላይ እንደገና ስንጀምር ያቺን የተቃጠለች ከተማ ከታሪኩ ልሰርዛት አስቤ ነበር። ያልፈለገችው ውርጭ ናት። «አልተቃጠለችም አትበል» አለችኝ። «ተቃጥላለች። አሁን እኛ ምን እናድርግ?» ተውኳት። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ነው የተቀዳው።

ወርቁንም ተውነው። እያንዳንዱ የሚሰበስበውን ራሱ መረጠ። ውርጭ ደወል ትሰበስባለች፤ የተሰነጠቀም ቢሆን ትወስዳለች። መብረቅ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ይሰበስባል። ቦርከና ጎርፍ ይዞት የመጣውን ነገር። ፍም ረጅም ጊዜ አሰበና «ውለታ» አለ። ለሰው አንድ ነገር ያደርጋል፤ ያ ሰው ዕዳው ይሆናል። መብረቅ ሳቀ፣ ፍምም ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ ነበር። ይህን እንድትሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ማንም የማንንም ድልብ አይመኝም። ደወሉም፣ ጥያቄውም፣ ውለታውም ያለው ሰው ዘንድ ስለሆነ ድራጎኖቹ ወደ መንደር የሚወርዱበት ምክንያት አገኙ።

የመብረሩ መልስ ክረምት ላይ በሚኒባስ መጣ። ቦርከና ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ገባ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ረዳቱ ከፊት በእግሩ እየመራ ነው የወጡት። ደሴ ላይ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ስትነሳ ጦሳ ቦታው ላይ የለም። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጠፍኩና «ጉም ወረደ» አልኩ። በጉም ውስጥ የሚበር ድራጎን ገደሉን የሚያየው ሲጋጨው ነው። መውረድ ግድ ሆነ፤ ወርዶም መንገድ መጠየቅ። ጉሙ ውስጥ ያገኙት አሞሌ ጨው የጫነች አህያ የምትነዳ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አልፈራቻቸውም፤ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላየችም። «አብሽሩ፣ ድምፄን ተከተሉ» አለቻቸው። አራት ድራጎን አንዲት ሕፃን ተከትለው ተራራውን ወረዱ። ከሥር ሲደርሱ ጉሙ ተገፈፈ። የደረሱት ያቺ ያቃጠሏት ከተማ ነበር። ልጅቱ ዞራ አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ክንፍን አትከልክሉ የምለው ለዚህ ነው። ክንፍ የማይፈታውን ነገር አምጡ። ጉም፣ ጠፍቶ መንገድ መጠየቅ፣ የተሰጠ ቃል፣ ይቅርታ ማግኘት። ከተማዋ ይቅርታ ያደረገችላቸው ባንድ ቀን አይደለም። ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ። ድንጋይ ተሸከሙ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ጣሪያ የሚሆን እንጨት ከሩቅ በክንፋቸው አመጡ። አሥር እሑድ ያህል ወስዷል። ከእነዚያ አሥር እሑዶች አንዱም ላይ ውጊያ አልነበረም፤ ማንም አልቀረም።

ከዚያ ረመዳን ደረሰ። ቦርከና ጿሚ ነው፤ አፍጥሮ በማታ ሐረጎን ውጣ አይባልም። ወሩን ልናርፍ ተስማማን። ታሪክ የሚመራ ሰው ረጅም ዕረፍት ያስፈራዋል፤ ተጫዋቹ ይረሳዋልና። ድራጎን ለሚያጫውት ግን ስጦታ ነው። በመጽሐፉ ድራጎን እስከ 5 ዓመቱ ጫጩት ነው። ከ6 እስከ 100 ወጣት፣ ከ101 እስከ 800 ጎልማሳ ይባላል። ከዒድ በኋላ ስንገናኝ «30 ዓመት አለፈ» አልኩና ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩ። ምን አጣህ? ምን አገኘህ? ማንን ስትጠብቅ ነበር? ውርጭ ሦስተኛውን ስትመልስ አላመነታችም። «የአሞሌዋን ልጅ» አለች።

እውነቱን ለመናገር ልጅቱን የፈጠርኳት ለአንድ ቀን ነበር። አሁን 40 ዓመቷ ሆኖ፣ የራሷን በቅሎዎች እየነዳች መጣች። ድራጎኖቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ሁለተኛው ረመዳን ሲመጣ ሌላ 40 ዓመት ዘለልን። ልጆቿ በቃሬዛ ተሸክመው ዋሻው ድረስ አወጧት። ዓይኗ አያይም። «መንገዱን በድምፅ ምሩኝ» አለቻቸው። ተቀባብለው መሯት። ውርጭን «ከክንፍሽ ሥር አስቀምጪኝ» አለቻት። ያን ቀን የቆርኪውን ከረጢት የነካ የለም። ስትሞት ፍም አንገቱን ደፍቶ ቆየና «የመቃብሯን ድንጋይ እኔ ልሸከም?» አለ። አምስተኛውን እሑድ አስታወስኩ። «ተሸከም» አልኩት።

ድራጎን ካጫወታችሁ ጊዜን እንዲህ ተጠቀሙበት። አንድ ሰው ሲያድግና ሲያረጅ አሳዩአቸው። ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል። ስሟን፣ የለመደችውን አባባልና የሚያመኝ የምትለውን ነገር ደብተር ላይ ያዙ፤ ከወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ጥቃቅኑን ቶሎ ልበል። አራት ተጫዋች ይበቃል፤ አምስተኛ ድራጎን ሲጨመር ተራው ይረዝማል። ሲለያዩ ለአንዱ ከ10 ደቂቃ በላይ አትስጡ፤ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ቆርጣችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ሩቅ የሚመለስ ሰው ካለ በጊዜ ዝጉ፤ እኛ 11 ሰዓት ላይ እንዘጋለን፤ ቦርከና ሳይመሽ ሐረጎን እንዲወርድ። የሚበላውም ለሁሉም የሚሆን ይሁን። ቆሎና ፈንዲሻ ለጾመኛም ለፍስክም ይሆናል።

እንቁላሉ የተፈለፈለው በ2017 ነሐሴ ነው። ውጭ ዝናብ፣ መብራት የለም፣ ሻማ አብርተናል። አራቱም ትንፋሻቸውን በየተራ ሰጡት። ፍም አሞቀ፣ ውርጭ አበረደች፣ ቦርከና አረጠበ፣ መብረቅ ነካው። «ቆርኪ እናውጣ?» አለ መብረቅ። «አያስፈልግም» አልኩ። ጓዳ ሆና ስትሰማ የነበረችው እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ወጣ?» አለች።

ወጥቷል። ሴት ናት። አሁን በጀመርነው አዲስ ታሪክ የምትጫወታት ታናሽ እኅቴ ናት። የምትሰበስበውንም መርጣለች፤ በራቸው የጠፋ ቁልፎች።